አምስት ፊደል ስንት ፊደል ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በኩል፣ ፉሪ የሚባል ሰፈርና ፉሪ የሚባል ተራራ አለ። ከመዲናይቱ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባ የመንገደኞች ጣቢያ የተሠራው በዚሁ አካባቢ ስለ ሆነ ፉሪ ለቡ የሚለውን ስም ያዘ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከከተማው ወሰን ባሻገርም በኦሮሚያ በኩል ያለው የሸገር ከተማ ፉሪ የሚባል ክፍለ ከተማ አለው። ስለዚህ ይህ አጭር ስም በየዕለቱ በብዙ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ በቤት ካርታ፣ በመብራትና በውኃ ደረሰኝ፣ በባንክ ደብተር፣ በመታወቂያ።

ስሙ በአማርኛ ሁለት ፊደል ነው፤ ፉ ካዕብ፣ ሪ ሣልስ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ኤፍ፣ ዩ፣ አር፣ አይ ተብሎ አራት ፊደል ይሆናል። በቁቤ ሲጻፍ ደግሞ የመጨረሻው አናባቢ ረዥም መሆኑን ለማሳየት አይ ስለሚደገም አምስት ፊደል ይሆናል። ቦታው አንድ፣ ተራራው አንድ ሆኖ ሳለ የስሙ ልክ ሁለትም አራትም አምስትም ነው። ይህ ለተራ አንባቢ ምንም ላይመስል ይችላል። መዝገብ ለሚነድፍ፣ የመልእክት መሣሪያ ለሚያቆም፣ የደንበኞችን ስም በኮምፒዩተር ለሚያስቀምጥ መሐንዲስ ግን ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ይኸውም «ለስሙ ስንት ፊደል ይበቃዋል?» የሚለው ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚህ ልክ ነው።

ልኩ የተቆረጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ነገሩ ከዚያው ይጀምራል። የእንግሊዝኛ ቃላትን በፊደላቸው ብዛት እየለዩ መፈለግ ዛሬ በዓለም የታወቀ ጨዋታ ነው። በ1913 በኒው ዮርክ አንድ ጋዜጣ ላይ አርተር ዊን ያወጣው የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ «አራት ፊደል ያለው፣ ሦስተኛው እንዲህ የሆነ» እያለ አንባቢውን ያስጨንቅ ጀመር። በ2021 ጆሽ ዋርድል ያሠራጨው ወርድል የተባለው ጨዋታም አምስት ፊደል ያለውን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በስድስት ሙከራ እንዲያገኙ ተጫዋቾችን ይጋብዛል። ነገር ግን ጨዋታው ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ የቃልን ርዝመት በገንዘብ የቈጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም የቴሌግራፍ ሰዎች ናቸው።

ንፋስ ስልክ የሚለው የክፍለ ከተማው ስም ራሱ ያንን ዘመን ያስታውሳል። ሽቦ የሌለው፣ በነፋስ የሚሄድ የሚመስል ስልክ ለሕዝቡ አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ፣ የሬዲዮ ቴሌግራፉን በዚህ ስም ጠራው፤ ስሙም በቦታው ላይ ጸና። በቴሌግራፍ ሂሳብ የሚከፈለው በቃል ነበር። ነጋዴውም ከዚህ የተነሣ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአንድ ቃል እንዲተካለት የኮድ መጽሐፍ ይገዛ ነበር። «ዕቃው በሰላም ደርሷል፤ ዋጋውን ላክ» የሚለው አሳብ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ የተፈጠረ ቃል ይሰጠዋል፤ ላኪውም ያን ቃል ብቻ ይልካል። በ1903 በለንደን የተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ጉባኤ፣ ለመነበብ የሚቻል እስከ ሆነ ድረስ፣ እስከ አሥር ፊደል የሚደርስ የተፈጠረ ቃል እንደ አንድ ቃል እንዲቈጠር ፈቀደ። በ1906 የወጣው የቤንትሌ የኮድ መጽሐፍ በዚህ ፈቃድ በብልኃት ተጠቀመበት። ቃሎቹን ሁሉ አምስት አምስት ፊደል አደረጋቸው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ አሥር ፊደል ስለሚሆኑም ሁለት ዐረፍተ ነገር በአንድ ቃል ዋጋ ይሄድ ጀመር። በመጨረሻም በ1932 የማድሪድ ጉባኤ አምስት ፊደልን ራሱን የኮድ ቃል ልክ አድርጎ ደነገገ። ኢትዮጵያም የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል የሆነችው በዚያው በ1932 ነው። የገባችበት ቤት ልኩ አስቀድሞ በላቲን ፊደል የተቆረጠ ቤት ነበር።

የኮድ መጽሐፍ አዘጋጆች ለመሐንዲስ የሚጠቅም ሌላም ትምህርት ትተዋል። ሁለት የኮድ ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ከሆነ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው አንድ ነጥብ ቢያጠፋ «ሽጥ» የተባለው «ግዛ» ይሆናል። ስለዚህ ማናቸውም ሁለት ቃላት ቢያንስ በሁለት ፊደል እንዲለያዩ አደረጉ። አንድ ፊደል ቢበላሽ የሚመጣው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ስለማይገኝ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። በ1950 ሪቻርድ ሃሚንግ ስሕተትን ስለሚያርሙ ኮዶች የጻፈው የሂሳብ ትምህርት ከዚህ ከነጋዴዎች ብልኃት ጋር አንድ ሥር አለው።

በእንግሊዝኛ 26 ፊደል አለ። አምስቱን በማናቸውም ዓይነት ቢያሰልፏቸው 11,881,376 ዓይነት ሰልፍ ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወርድል በመጀመሪያ ሲወጣ ለሙከራ ይቀበላቸው የነበሩት ቃላት 12,972 ነበሩ። ይህም ከ900 በላይ ከሚሆኑ ሰልፎች አንዱ ብቻ ቃል ነው ማለት ነው። የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ይህ ባዶነት ብክነት ይመስላል፤ ነገር ግን የቋንቋው መከላከያ ነው። ኤች፣ ኦ ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው የጠፋበት፣ በኤስና በኢ የሚያልቅ ባለ አምስት ፊደል ቃል ቢመጣ፣ አንባቢው «ሃውስ» ወይም «ሆርስ»፣ ማለት ቤት ወይም ፈረስ፣ መሆኑን ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ አንዱን ያስመርጠዋል።

ፊደላቱም በእኩል አይሠሩም። የሞርስ ረዳት የነበረው አልፍሬድ ቬይል የትኛው ፊደል እንደሚበዛ ለማወቅ በማተሚያ ቤት የተከማቸውን የእርሳስ ፊደል መቍጠሩ የታወቀ ነው። በቈጠራው ኢ 12,000፣ ቲ 9,000 ሲሆኑ ኪው 500፣ ዜድ 200 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ኢ በአንድ ነጥብ፣ ቲ በአንድ ሰረዝ ይላካሉ፤ ኪውና ዜድ ግን አራት አራት ምልክት ይፈጃሉ። የሬዲዮ ሰዎችም በኪው የሚጀምር የጣቢያ መጥሪያ ለማንም አገር እንዳይሰጥ ወስነው፣ በኪው የሚጀምሩትን ባለ ሦስት ፊደል ቃላት ለሥራ ጥያቄዎች ብቻ አዋሉአቸው። ኪው፣ ቲ፣ ኤች ማለት «ያለህበት ቦታ የት ነው?» ማለት ነው።

በኪው ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። የእንግሊዝኛ ተማሪ ኪው ያለ ዩ አይጻፍም ተብሎ ይማራል። ይሁን እንጂ አምስት ፊደል ካላቸው ቃላት መካከል ከኪው በኋላ ዩ የሌለባቸውን የሚፈልግ ሰው ቃናት፣ ፋቂር፣ ኒቃብ፣ ቡርቃ የሚባሉትን ያገኛል። ቃላቱ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ኪው በእነርሱ ውስጥ የቆመው ለቀ ዘመድ ድምፅ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ከሴም ቋንቋዎች ቃል ሲበደር ለቀ የሚሆን ሥራ ፈት ፊደል አገኘ፤ እርሱም ኪው ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል።

አሁን ወደ አማርኛ እንለፍ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ፣ ቋና ጓ ያሉት ዲቃሎች ሳይጨመሩ። ሦስት ፊደል ብናሰልፍ የሚገኘው የሰልፍ ብዛት 12,326,391 ነው። ይህን ቍጥር ቀደም ብሎ ከተጠቀሰው ከ11,881,376 ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ልዩነታቸው ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ሦስት የአማርኛ ፊደል የሚይዘው ቦታ አምስት የእንግሊዝኛ ፊደል ከሚይዘው ቦታ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ክሎድ ሻነን በ1948 ባቆመው መለኪያ ሲነገር፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ቢበዛ 4.70 ቢት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ቢበዛ 7.85 ቢት ይሸከማል። አምስቱ 23.5፣ ሦስቱም 23.5 ያህል ይመጣሉ። እነዚህ ቍጥሮች ፊደላቱ ሁሉ በእኩል ቢሠራባቸው የሚገኘውን ከፍተኛ ልክ ያመለክታሉ፤ በተግባር ሁለቱም ቋንቋዎች ከዚህ በታች ናቸው።

የሂሳቡ ውጤት በአፍና በወረቀት ላይም ይታያል። የአማርኛ ግሥ አብዛኛው ባለ ሦስት ፊደል ነው፤ ሰበረ፣ ከፈተ፣ ወሰደ፣ ጠበቀ። የመዲናይቱን ስም ብንወስድ አዲስ ሦስት ፊደል ሲሆን በእንግሊዝኛ አምስት ነው፤ አበባም ሦስት ሲሆን በእንግሊዝኛ አምስት ነው። ከኢትዮጵያ ተነሥተው ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገቡትን ብንመለከት፣ ንጉሥ ሦስት ለአምስት፣ አቡን ሦስት ለአምስት፣ ብር ሁለት ለአራት፣ ጤፍ ሁለት ለአራት፣ እንጀራ አራት ለስድስት፣ ጭላዳም ገላዳ ተብሎ ሦስት ለስድስት ሆነው ይገኛሉ። ስምንቱ ቃላት በአንድነት በአማርኛ 23 ፊደል፣ በእንግሊዝኛ 40 ፊደል ናቸው። ጥቂት ቃላት ሕግ አያቆሙም፤ ሆኖም ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ያሳያሉ።

አማርኛ በጥቂት ፊደል ብዙ ይሸከማል ማለት ግን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ብዙ የሚሸከም በቅሎ ሲወድቅ ብዙ ይሰበራል። ከሦስት ፊደል አንዱ ሲጠፋ የቃሉ ሲሶ ጠፋ ማለት ነው። በሰ ጀምሮ በረ የሚያልቅ፣ መካከሉ የተደመሰሰ ግሥ ቢመጣ፣ ሰበረ፣ ሰከረ፣ ሰወረ፣ ሰመረ፣ ሰፈረ ሁሉም ይገባሉ፤ የአንዱ ትርጉም ከሌላው አይዛመድም። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል የጣቢያ፣ የትራንስፎርመር ወይም የደንበኛ መለያ የሚያወጣ መሐንዲስ ከቤንትሌ መጽሐፍ የተገኘውን ምክር፣ ማለት መለያዎች ቢያንስ በሁለት ፊደል ይለያዩ የሚለውን፣ ከእንግሊዝኛው ይልቅ አጥብቆ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይከተላል። በእንግሊዝኛ «ይህ ፊደል በቃሉ ውስጥ አለን?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። በአማርኛ ግን «ፉሪ ውስጥ ፈ አለን?» ቢባል ምን መልስ ይሰጣል? የፊደል ገበታ የቈጠረ ሕፃን አለ ይላል፤ ፉ የፈ ካዕብ ነውና። ኮምፒዩተሩ ግን የለም ይላል፤ ለእርሱ ፈና ፉ እንደ ኤና ቢ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የመዝገብ ፍለጋን የሚሠራ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ካልወሰነ፣ ተገልጋዩ የሌለ ሰው ሆኖ ይቀራል።

በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ የሚለያዩ ፊደላትም አሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ ስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንዱ ስም አሥራ ሁለት መልክ አለው። ዓለም የሚለው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ዓለም ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በ48 ዓይነት ሊሰፍር ይችላል። ከእነዚህ ትክክለኛው አንዱ መሆኑን የግዕዝ ሊቃውንት ያውቃሉ፤ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ስም የሚመዘግበው ሠራተኛ ግን የጻፈው በጆሮው የሰማውን ነው። ከዓመት በኋላ ሌላው ሠራተኛ በሌላ መልክ ሲፈልገው መዝገቡ «አልተገኘም» ይላል።

የአማርኛን ፊደል በውጭ ልክ ውስጥ ለማስገባት የተደረገው ትግል ዛሬ አልተጀመረም። ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከደከሙት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ ኢንጂኒየር አያና ብሩ ናቸው። የተለመደው የአውሮፓ የጽሕፈት መኪና 44 ያህል ቍልፍ ያለው፣ እያንዳንዱም ሁለት ምልክት የሚመታ ስለ ነበረ በጠቅላላው ከ88 ምልክት አይበልጥም። 231ን በ88 ውስጥ ማስገባት ስለማይቻል፣ ፊደሉ ተቈራርጦ ዋናው አካልና የቅጥያው ምልክት ለየብቻ እንዲመቱ ተደረገ። ጽሕፈቱ ተነበበ፤ ፊደሉ ግን መልኩ ጎደለ። የሚያሳዝነው ችግሩ በፊደሉ ብዛት ተመካኝቶ፣ ፊደሉ ይቀነስ የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት መነሣቱ ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣ የቍልፍ ብዛት ችግር መሆኑ ቀረ። ጠባቡ ያ መሣሪያ እንጂ ፊደሉ የበዛ እንዳልነበረ ጊዜ አስረዳ።

በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 384 ቦታ ያለው ክፍል ሰጠ። ይህ ትልቅ ድል ነበር። ከድሉ በኋላ ግን የልኩ ነገር በሌላ በር ገባ። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ከነክፍተቱ 11 ባይት ነው፤ በአማርኛ 19 ነው። የመዝገቡ ነዳፊ የከተማ ስም ቦታውን 11 ባይት አድርጎ ቢወስነው፣ እንግሊዝኛው በልኩ ይገባል፤ አማርኛው ግን አዲስ ብሎ፣ ክፍተቱን አስከትሎ፣ የአ ሲሶ ላይ ይቆረጣል። ሲሶ ፊደል ደግሞ ፊደል አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። በደረሰኝ ላይ እንዲህ ያለ ሣጥን ያላየ የከተማ ነዋሪ ጥቂት ነው።

የሞባይል አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው። አንድ መልእክት የሚይዘው 1,120 ቢት ነው። እንግሊዝኛው በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ፊደል ይገባል፤ አማርኛው በ16 ቢት ስለሚላክ 70 ብቻ ይገባል። ሰባ አንደኛው ፊደል ሲጻፍ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያም ለመቀጠያው ምልክት ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። 160ን ለ70 ያስተያየ ሰው አማርኛ ከግማሽ በላይ ተበደለ ይላል። ነገር ግን ከላይ በታየው ሚዛን 70 የአማርኛ ፊደል የ117 የእንግሊዝኛ ፊደል ያህል ቦታ ስላለው፣ እውነተኛው ጉድለት ከመቶ 27 ያህል ነው። ቅሬታ በትክክለኛ ቍጥር ሲቀርብ ይሰማል፤ በተጋነነ ቍጥር ሲቀርብ ይናቃል።

ደግሞም ጉድለቱ ከፊደሉ የመጣ አይደለም። 231 ከ256 ያነሰ ስለ ሆነ ለዋናዎቹ ፊደላት 8 ቢት ይበቃል፤ በዚህ ቢላክ አንድ መልእክት 140 ፊደል በያዘ ነበር። የሚተርፈው 25 ቦታ ለአኀዝ፣ ለነጥብና ለክፍተት ቢውል ለዲቃሎቹ አይበቃም፤ ለእነርሱ ሌላ የመሸጋገሪያ ምልክት ያስፈልጋል። የአጭር መልእክት ደንብ አውጪዎች ለቱርክኛ፣ ለስፓኒሽ፣ ለፖርቱጋልኛና ለሕንድ ክፍለ አህጉር ልዩ ልዩ ቋንቋዎች እንዲህ ያለ የመሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ሠርተውላቸዋል። ለአማርኛ አልተሠራም። እነዚያ ቋንቋዎች ያገኙት በደንብ ማውጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ጥያቄያቸው ስለ ቀረበ ነው።

ከዚህ ጥበት የተነሣ ብዙ ሰውና ብዙ ድርጅት አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ መረጠ። በዚህ ምርጫ ግን ቦታ ሲተርፍ ትርጉም ይጠፋል። ቀና ከ፣ ጠና ተ፣ ጨና ቸ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ይሆናሉ። ጠፋና ተፋ፣ ጠራና ተራ ተቀላቅለው ይመጣሉ። በ1967 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቀውና በ1972 የተሻሻለው የአማርኛ ስሞች አጻጻፍ ሥርዓት ይህን ለመለየት ከፊደሉ ቀጥሎ ጭረት አድርጓል። ሆኖም ጭረት በእንግሊዝኛ ፊደል ስለማይቈጠር በየመዝገቡ ይወድቃል። በፓስፖርት ግርጌ ያሉት፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የሚይዙት ሁለት መሥመሮች ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት፣ አኀዝንና የመሙያ ምልክትን ብቻ ስለሚቀበሉ ጭረቱ እዚያ ቦታ የለውም። በ1991 በሥራ ላይ የዋለው ቁቤ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በእንግሊዝኛ ሥራ ፈት የነበረውን ኪው ለቀ፣ ኤክስን ለጠ፣ ሲን ለጨ አደረገ። ይህ ከሃያ ስድስቱ ሳይወጣ ልዩነቱን የጠበቀ ብልኃት ነው። በቃናትና በኒቃብ ውስጥ የታየው ኪው እዚህ ተመልሶ መጣ፤ እንግሊዝኛው ያልፈለገውን ፊደል ባለጉዳዩ ለራሱ አዋለው።

ይህ ሁሉ ለፉሪ ነዋሪ ምን ይደርስበታል? አንድ ሰው የቤቱ ካርታ በአንድ ፊደል፣ የባንክ ደብተሩ በሌላ፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛ መልክ ስሙን ቢይዙ፣ የሰፈሩም ስም በአንዱ አራት በአንዱ አምስት ፊደል ሆኖ ቢገኝ፣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰውና ሁለት ቦታ ናቸው ብሎ ይፈርዳል። ኮምፒዩተር አይከራከርም፤ አይራራምም። ሰውዬው ራሱ ራሱ መሆኑን ለማስመስከር ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ይመላለሳል። ርስቱን የሚያወርስ ሽማግሌ፣ ልጇን ለሕክምና ወደ ውጭ የምትወስድ እናት፣ ለትምህርት የሚሄድ ወጣት፣ በአንድ ፊደል ምክንያት ቀኑ ያልፍበታል። ጥፋቱ የባለጉዳዩ አይደለም፤ የመዝገቡ ነው። መዝገቡን የነደፈው ደግሞ የሙያው ሰው ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት አራት ነገሮች በአደራ ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለስም የሚመደብ ቦታ በባይት ሳይሆን በፊደል ይቈጠር፤ የግድ በባይት መቈጠር ካለበትም ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይታሰብለት፤ ጽሑፉም ፊደሉ መካከል እንዳይቆረጥ ይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ ሲፈለግ ሀና ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደ አንድ ይታዩ፤ ሲቀመጥ ግን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቀመጥ። ፍለጋን ለማቅለል ሲባል የሰውን ስም ማረም አይገባም።

ሦስተኛ፣ ስም በመጀመሪያ በተጠራበት ቋንቋ ፊደል ይመዝገብ፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ጊዜ ተወስኖ በሁሉም መዝገብ ያው ይሁን፤ ሁለቱም ሦስቱም መልክ በአንድ መለያ ቍጥር ይታሰሩ። ፉሪ በሁለትም በአራትም በአምስትም ፊደል ቢጻፍ ያው ፉሪ መሆኑን መዝገቡ ይወቅ።

አራተኛ፣ የመልእክትና የፊደል ደንብ በሚወጣበት ዓለም አቀፍ ጉባኤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጉዳይ በተሰላ ቍጥር ይቅረብ። ኢትዮጵያ በ1932 የገባችበት ማኅበር ደንቡን የሚሠራው በቀረበለት ጥያቄ ነው፤ ያልጠየቀ አይሠራለትም።

ልብስ ለባለቤቱ ይሰፋል እንጂ ባለቤቱ ለልብሱ አይቆረጥም። ላለፉት መቶ ዓመታት የአገሪቱ ፊደል በሌላ ሰው ልክ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ለመግባት ሲታጠፍ ኖሯል፤ በቴሌግራፉ፣ በጽሕፈት መኪናው፣ በሞባይሉ። አሁን መርፌውም ክሩም፣ የልክ መለኪያውም ጭምር፣ በመሐንዲሱ እጅ ነው።